ነባር ድልድይ ፈርሶ ሲሠራና ሲሰፋ፦ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ራስ መኮንን ድልድይና በመሐል አዲስ አበባ ስላሉት መሰሎቹ መታደስና መስፋት ወሬ በተነሣ ቁጥር ነዋሪው፣ ነጋዴውና አሽከርካሪው ደጋግመው የሚጠይቋቸው እነዚህ ናቸው።

ነባር ድልድይ ሲባል የትኛው ነው?

በከተማዋ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ለእግረኛ፣ ለበቅሎና ለጭነት አህያ ተብለው የተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ከተማ ሳትሆን የመኳንንት ሰፈሮች ስብስብ ነበረች። አንዱን ሰፈር ከሌላው የሚለየው ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ። በበጋ ተሻግሮ ቡና የሚጠጣጣ ጎረቤት በክረምት ማዶ ለማዶ ይተያይ ነበር። ድልድይ በዚያ ዘመን ቅንጦት አልነበረም፤ ሰፈሮቹን ወደ ከተማነት ያመጣቸው እርሱ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም ስለሆነ የዚያን ጊዜ ግንበኛ የመኪናን ክብደትና ስፋት በሐሳቡ አልያዘም። ራስ መኮንን ድልድይ ስሙን የወረሰው ከዐድዋ ጦር መሪዎች አንዱ ከነበሩት፣ የሐረርጌ ገዥና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት ከሆኑት ከራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ነው፤ ራስ መኮንን ያረፉት በ1898 ዓ.ም ነው። ዛሬ ስሙ የታክሲ መውረጃ ሆኗል። «ራስ መኮንን ድልድይ ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ በሺህ ይቆጠራል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከሥሩ የሚያልፈውን ውሃ ያየ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ አለማየት ነው።

ለዘመናት የቆመ ድልድይ አሁን ምን ነካው?

ከላይ ሸክም፣ ከታች ውሃ። ሰው የሚጠረጥረው የላዩን ነው፤ ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ ከነጭነቱ ከ30 ቶን በላይ ሊመዝን እንደሚችል ሲሰማ «በቃ ይኸው ነው ያደቀቀው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። በደንብ የተገነባ የድንጋይ ቅስት ግን ከላይ ለሚመጣ ክብደት ብርቱ ነው። ሸክሙን ድንጋይ ከድንጋይ እያጣበቀ ወደ ሁለቱ ዳርቻ ይገፋዋል፤ ድንጋይ ደግሞ ሲጎትቱት እንጂ ሲጫኑት አይሰበርም። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሞ እስከ ዛሬ ሰው የሚሻገርበት በዚሁ ጥበብ ነው።

ገዳዩ ብዙውን ጊዜ ውሃው ነው። ጎርፍ ከድልድዩ ሥር ባለው ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈርና ጠጠር እየጠረገ ይወስዳል። መሐንዲሶች የመሠረት መሸርሸር ይሉታል። ወንዝ ላይ ያሉ ድልድዮች በዓለም ዙሪያ ከሚፈርሱባቸው ምክንያቶች በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሰው ይህ ነው። ድልድዩ ሳይሰነጠቅ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ እግሩ ባዶ አየር ላይ እስኪቀር ይቆማል፤ ከዚያ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ይወርዳል።

ጎርፉም የድሮው ጎርፍ አይደለም። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ፒያሳና አራት ኪሎ ከ2,400 እስከ 2,500 ሜትር ባለው መካከል ናቸው። ያ ሁሉ ቁልቁለት በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ቀድሞ ዝናቡን ሣሩና ጫካው ይዞ ቀስ ብሎ ይለቀው ነበር። አሁን የሚቀበለው ቆርቆሮ፣ አስፋልትና የሲሚንቶ ግቢ ስለሆነ ውሃው ሳይሰርግ ባንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ይገባል። ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ ይጨምራል ማለት ነው።

አደጋው መቅረቡን ከላይ ሆኖ ማወቅ ይቻላል?

በከፊል። በመጀመሪያ የድልድዩን መከለያ ግንብ ከዳር ሆነው በአንድ ዓይን ይዩት። ቀጥ ብሎ የነበረው መስመር መሐሉ ላይ ወይም አንድ ጫፍ ላይ ረገብ ካለ ከሥሩ የሰጠ ነገር አለ። ቀጥሎ አስፋልቱን ይመልከቱ፤ ከመከለያው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ የጎኑ ግንብ ወደ ውጭ እየተገፋ መሆኑን ይጠቁማል። በአስፋልት ደጋግሞ መድፈን ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። እንዲያውም በየዓመቱ የሚደፋው አስፋልት ራሱ ክብደት ነው።

ከታች ወርደው ማየት ከቻሉ (በበጋ እንጂ በክረምት አይሞከርም) በቅስቱ ሆድ ላይ ወደ ታች የወረደ ነጭ ዝርግርግ ይፈልጉ። ከላይ የሰረገ ውሃ የግንቡን ኖራ እያሟሟ ይዞት ሲወጣ የሚተወው ነው። ልምድ ያለው ግንበኛ በዚህ አይወሰንም፤ በትንሽ መዶሻ ድንጋዩን አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን ያቀርባል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ከጀርባው ኖራው ያለቀበት ደግሞ ደብዘዝ ያለ፣ የባዶ ቤት ድምፅ ይሰጣል። ዋናው ቦታ ግን ሁለቱ እግሮች ከውሃው ጋር የሚገናኙበት ነው፤ እዚያ ዱላ አስገብተው መሠረቱን ሳይነካ ዘልቆ ከገባ ለሚመለከተው ክፍል ለማመልከት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

መጠገን እየተቻለ ለምን ይፈርሳል?

ብዙ ጊዜ መጠገን ይቻላል። በድንጋዮቹ መካከል የጎደለውን ማያያዣ መሙላት፣ በግንቡ ውስጥ ስስ የኖራ ጭቃ በግፊት መርጨት፣ በእግሮቹ ዙሪያ ወለሉን በኮንክሪትና በትልልቅ ድንጋይ ማልበስ፣ ከቅስቱ በላይ ሸክሙን የሚያከፋፍል ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) መሙላት፦ እነዚህ ሁሉ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው፤ ከማፍረስም ይረክሳሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በኖራ የተገነባን ግንብ በጠንካራ ሲሚንቶ መለጠፍ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳል። ኖራ በኖራ ነው የሚጠገነው።

መጠገን የማይበቃው ቀዳዳው ራሱ ለዛሬው ጎርፍ ጠባብ ሲሆን ነው። ግንቡን የቱንም ያህል ቢያጠነክሩት ውሃው ማለፊያ ካጣ ወይ መሠረቱን ይበላል ወይ ዳርና ዳር ጥሶ መንገዱን ይቆርጣል። ስለዚህ «ይፈርስ ወይስ ይጠገን» ለሚለው መልስ የሚገኘው ከላይ በሚያልፈው መኪና ብዛት ሳይሆን ከታች በሚያልፈው ውሃ ልክ ነው። ይህን ስሌት ሳያሳይ «ድልድዩ አርጅቷል» ብቻ የሚል ጥናት ለማፍረስ በቂ ምክንያት አላቀረበም።

ማስፋት የሚቻለው በስንት መንገድ ነው?

ቀላሉና ርካሹ ነባሩን እንዳለ ትቶ ከላዩ ሰፋ ያለ ሶሌታ በማንጠፍ የእግረኛውን መንገድ ከግንቡ ውጭ ማንጠልጠል ነው። ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ድልድዩ ሰፍቷል። ግን የተንጠለጠለው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው በዚያው በአሮጌው መሠረት ላይ ነው። በ1831 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የለንደን ድልድይ ከ1902 እስከ 1904 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት ዘዴ ሰፍቶ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ሲለካ የምሥራቁ ጎን ከምዕራቡ በአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ እየሰጠመ መሆኑ ታውቆ በመጨረሻም ተሸጠ። (ወደ ሽያጩ እንመለሳለን፤ ተረት የሚመስል ግን እውነተኛ ታሪክ ነው።)

ሁለተኛው መንገድ ከነባሩ ጎን አዲስ የኮንክሪት ድልድይ አስጠግቶ መሥራትና ሁለቱን እንደ አንድ መንገድ መጠቀም ነው። እዚህ ላይ የሚሳተው ነገር መጋጠሚያው ነው። ለብዙ ዓመታት ተጭኖ የረጋው የድንጋይ ግንብና ትናንት የተሞላው ኮንክሪት እኩል አይሰጡም። አንድ ላይ ከታሰሩ በመጋጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው ሆን ተብሎ ክፍተት ይተዋል፣ ውሃ በማያስገባ ነገርም ይሸፈናል። ሌላው ስሕተት አዲሱን ሰፋ አድርጎ ነባሩን ጠባብ አድርጎ መተው ነው። ውሃው በአዲሱ ሰፊ በር ገብቶ በአሮጌው ጠባብ በር ይታነቃል።

ሦስተኛው ነባሩን ለእግረኛ ለቆ አዲሱን ለመኪና ራቅ አድርጎ መሥራት ነው። ለቅርሱ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ቦታ ካለ። ፒያሳ ላይ ግን ቤቱ፣ ሱቁና ቁልቁለቱ ተደጋግፈው ስለቆሙ ራቅ የሚባል ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ሲጠፋ የሚቀረው አራተኛው ነው፦ ሙሉ በሙሉ አፍርሶ ከመሠረቱ ሰፊ አድርጎ መሥራት፣ ከውጭም ድንጋይ ማልበስ።

ስፋቱ ስንት መሆን አለበት?

በእጅ ይሰላል። አንድ የመኪና መስመር ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይይዛል። በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ከሆነ እስከ 14 ሜትር ነው። በግራና በቀኝ 3 ሜትር የእግረኛ መንገድ ሲጨመር 20፤ የብስክሌት መስመር ከገባ ከዚያም ያልፋል። ለበቅሎ የተሠራው ድልድይ ይህን ሊሸከም እንደማይችል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም።

ስለ እግረኛው አንድ ቃል። በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል የሚመላለሰው ተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛና ገበያተኛ አብዛኛው በእግሩ ነው፤ ድልድይ ሲደርስ ደግሞ ሊስትሮው፣ ጀብሎ ነጋዴውና ቆሞ ጎርፍ የሚያየው ሁሉ እዚያው ይገናኛሉ። የእግረኛው መንገድ ሲነደፍ ሰው በድልድይ ላይ እንደሚቆም ታስቦ ካልሆነ፣ 1.5 ሜትር ብቻ ተሰጥቶት መኪና መንገድ ላይ ሲወርድ «ሥርዓት የለውም» ማለት ተገቢ አይደለም።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው?

አይደለም፤ አባባሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። በማናቸውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። ዘንድሮ ቢመጣ ከርሞ እንዳይመጣ የሚከለክለው የለም። ሲባዛ ደግሞ ያስደነግጣል፤ ድልድዩ 50 ዓመት ያገለግላል ብንል በዚያ ጊዜ ውስጥ ይህ ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። የተነደፈው ለሃምሳ ዓመቱ ጎርፍ ከሆነ ዕድሉ ከ60 በመቶ ያልፋል።

ስሌቱ ደግሞ ቀዳዳው ንጹሕ እንደሆነ የሚያስብ ነው። የእኛ ወንዝ ግን ከውሃው ጋር የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ ፍራሽና የዛፍ ግንድ ይዞ ይመጣል። አንድ ግንድ ከመሐል ምሰሶው ላይ ከተጋደመ የቀረው ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆለላል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድልድዩ ግድብ ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ወንዝ ላይ መሐሉ ምሰሶ የሌለው ባለ አንድ ቀዳዳ ድልድይ ይመረጣል። ከግንቦት መጨረሻ በፊት ደለሉንና ቆሻሻውን መጥረግም ከግንባታው እኩል የሚቆጠር ሥራ ነው። ጥረጋው ዜና ስለማይሆን ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው።

አንድ አጭር ድልድይ ለመሥራት ይህን ያህል ጊዜ ለምን ይፈጃል?

ድልድዩ ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ጊዜውን የሚበላው ዙሪያው ነው። የመጀመሪያው ወሰን ማስከበር ነው፤ ለስፋቱ የሚያስፈልገው መሬት ላይ ያሉ ቤቶች፣ አጥሮችና ሱቆች እስኪነሡ ሥራው ይቆማል። ሁለተኛው በድልድዩ ጎንና ሆድ ውስጥ የተሰገሰገው መሠረተ ልማት ነው። ወንዝ መሻገር የሚፈልግ ሁሉ የሚሻገረው በድልድይ ነው፦ የመጠጥ ውሃ ቧንቧው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የቴሌኮም ፋይበሩ። ጥቂት ሜትር በማትሞላ ግንብ ላይ አራት ተቋማት ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ይገኛሉ፤ አንዳንዱ መስመር በየትኛውም ካርታ ላይ ስለሌለ የሚገኘው ቆፋሪው ሲቆርጠው ነው።

ሦስተኛው ወቅቱ ነው። መሠረት የሚቆፈረው ወንዙ ሲጎድል፣ ውሃውም በጊዜያዊ ቦይ ወደ ጎን ሲቀለበስ ነው። ይህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ይሰጣል፤ የበልግ ዝናብ በመሐል ገብቶ የሚቀንሰውን ሳይጨምር። ስለዚህ ወሰን ማስከበሩ ከጥር ወደ መጋቢት ሲንሸራተት የጠፋው ሁለት ወር ብቻ አይደለም፤ አንድ በጋ ነው። ውል ሲፈረም «በስምንት ወር ይጠናቀቃል» ከተባለ መጠየቅ ያለበት ስምንቱ ወር የሚጀምረው በየትኛው ወር ነው የሚለው ነው።

ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ሠራተኛ ጠፍቶ ባዶውን የሚቆመው ለምንድን ነው?

እየጠነከረ ስለሆነ። ኮንክሪት የሚለካው በ28ኛው ቀን በሚደርስበት ጥንካሬ ነው። የሶሌታው ካሳፎርማ (እስኪጠነክር ኮንክሪቱን የሚይዘው ቅርጽ) ያለጊዜው ከተነሣ ወይም መኪና ቶሎ ከተለቀቀበት ጉዳቱ ለዘለቄታው ነው። በዚህ ወቅት መታየት ያለበት ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው፤ ጎማ ይዞ ውሃ የሚያጠጣው። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይና ነፋስ እርሱም ከጠፋ ያኔ መጨነቅ ተገቢ ነው።

ሥራው እስኪያልቅ እግረኛው በየት ይሻገራል?

ጊዜያዊ መሻገሪያ የሥራ ተቋራጩ ግዴታ ተደርጎ በውሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ መብራትና መያዣ ያለው። የመኪናው መንገድ ሲዘጋ ተለዋጭ መንገዱ አስቀድሞ ይገለጻል፤ ታክሲዎቹም መጫኛቸውን ያዛውራሉ። እግረኛው ግን ሰባ ደረጃን ዞረህ ሂድ ቢሉት አይሄድም። በሁለት ጣውላ ላይ ይሻገራል።

ቤቴ ወይም ሱቄ በስፋቱ ውስጥ ከገባ ምን መብት አለኝ?

ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና ማሻሻያው ነው። ሕጋዊ ባለይዞታ ለንብረቱ ካሳ፣ ለይዞታውም ምትክ ወይም ሕጉ የሚያዘው ሌላ አማራጭ ይገባዋል። በቀበሌ ቤት ተከራይ የሆነ ሰው የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት ዕድል ነው። የተቆጠረው ንብረት ወይም የተተመነው ካሳ ትክክል አይደለም የሚል ሰው በአዋጁ ለተቋቋመው አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላል።

ልብ ሊባል የሚገባው የንብረት ቆጠራው ቀን ነው። ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ባለቤቱ ራሱ ይገኝ፤ አጥር፣ የውሃ ታንከር፣ የተተከለ ዛፍ ሳይቀር መመዝገቡን አንብቦ ይፈርም። በዚያ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ከፈረሰ በኋላ ነበር ብሎ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ማስታወቂያው የሚለጠፍበትንና መልስ የሚሰጥበትን ቀን መመዝገብም አይከፋም፤ የአቤቱታ ጊዜ በቀን ተቆጥሮ ያልፋል።

ቅርስ ከሆነ ማን ፈቅዶ ነው የሚፈርሰው?

መንገድና ድልድይ የሚያሠራው የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ድልድዩ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ግን ብቻውን አይወስንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ማንሣትም ሆነ መጠገን ይከለክላል። በከተማ ደረጃ የተመዘገቡትን የሚከታተለው የከተማዋ የባህል ቢሮ ነው።

ክፍተቱ የሚገኘው «የተመዘገበ ከሆነ» የሚለው ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት ሲመዘገብ ድልድይ ይዘለላል፤ መንገድ እንጂ ሕንፃ አይመስልማ። ያልተመዘገበን ነገር ሕጉ በስም አያውቀውም። ስለዚህ በሰፈርዎ ያለው የድንጋይ ድልድይ ያሳሰብዎት ከሆነ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ነው። ፎቶግራፍ፣ የሚገኝበት ቦታ፣ የሚያውቁ አዛውንቶች ምስክርነት ይዞ ይመዝገብ ብሎ ለቢሮው ማመልከት ማንም ዜጋ የሚችለው ነው።

የፈረሰው ድንጋይ የት ይገባል?

መልሱ «ተራርፎ ለግቢ ንጣፍ ሆነ» ከሆነ ሥራው ተበላሽቷል። አሠራሩ የታወቀ ነው። ከማፍረስ በፊት እያንዳንዱ የፊት ድንጋይ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ በሥዕል ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያው ቁጥር በድንጋዩ ጀርባ ላይ በቀለም ይጻፋል፤ ከዚያም በጥበቃ ቦታ በረድፍ ይደረደራል። የለንደኑ ድልድይ በ1968 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዊ ባለ ሀብት ሲሸጥ ድንጋዮቹ በዚህ መንገድ ተቆጥረው ባሕር ተሻግረው አሪዞና በረሃ ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. እንደገና ቆሙ። እዚያም ቢሆን ሸክሙን የያዘው ውስጡ ያለው አዲስ የኮንክሪት አካል ነው፤ አሮጌው ድንጋይ ልብስ ነው። አትላንቲክን የተሻገረ ድንጋይ ቁጥሩ ካልጠፋ፣ ከፒያሳ እስከ መጋዘን ድረስ የሚሄደው የሚጠፋበት ምክንያት የለም።

የተሰበረውን ለመተካት ጠራቢ ያስፈልጋል። በማሽን የተቆረጠ ለስላሳ ድንጋይ በእጅ ከተጠረበው መሐል ሲገባ ከሩቅ ይለያል። ጥሩ ጠራቢ የድሮውን የመሮ ምት አይቶ አቅጣጫውን ጭምር ይከተላል፤ ይህን ሙያ የያዙት አዛውንቶች እያነሱ ስለሆነ ሥራው ሲጀመር ወጣቶችን አጠገባቸው ማሰለፍ የወጪ ጥያቄ ተደርጎ መታየት አይገባውም።

ከሰፋ በኋላ መጨናነቁ ይቀራል?

ድልድዩ ላይ ይቀራል፤ ከድልድዩ ቀጥሎ ባለው መጋጠሚያ ላይ ይጨምራል። የአንድ መንገድ አቅም የሚወሰነው በጠባቡ ቦታ ነው፤ ጠባቡ ቦታ አራት ኪሎ ያለው መስቀለኛ ከሆነ ድልድዩን እጥፍ ማድረግ ሰልፉን ጥቂት መቶ ሜትር ወደፊት ከመውሰድ በቀር አይፈይድም። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዚሁ አካባቢ የእግረኛና የብስክሌት መንገዱን ሲያሰፋ የታየው አንድ ነገር አለ። ሰፊና ጥላ ያለው የእግር መንገድ ባለበት አጭሩን ርቀት በእግር የሚሄድ ሰው ይበዛል። ስለዚህ በድልድዩ ላይ የሚገኘው ተጨማሪ ስፋት ለማን ይሰጥ የሚለው ከስፋቱ መጠን ያላነሰ ውሳኔ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ለእግረኛው እሰጥ ነበር።

ፈርሶ ከተሠራ ያው ድልድይ ነው ሊባል ይችላል?

በዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። በቦስኒያ የሞስታር ድልድይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ በ1993 እ.ኤ.አ. በጦርነት ፈረሰ። በ2004 እ.ኤ.አ. ከዚያው አካባቢ በተፈለጠ ድንጋይ፣ በቀድሞው አሠራርና በቀድሞው ልክ ተሠርቶ ቆመ፤ በማግስቱ ዓመት አካባቢው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ግን ልዩነቱን ልብ ማለት ነው። እነርሱ ልኩን አልለወጡም፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ማስፋት ነው። ሦስት እጥፍ የሰፋ ቅስት፣ ውስጡ ኮንክሪትና ፌሮ ሆኖ ፊቱን የድሮ ድንጋይ ቢያለብሱት፣ የድሮው ድልድይ አይደለም። ጥሩ አዲስ ድልድይ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ነውር አይደለም።

ነውሩ ማምታታቱ ነው። በመከለያው ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይያዝ፦ ነባሩ የተሠራበትና አዲሱ የተሠራበት። ስሙ ይቀጥል፤ ስም ከድንጋይ ይልቅ ይሸጋገራል። ከነባሩ ቢያንስ አንድ ቁራጭ፣ ከተቻለ ከአንዱ ዳርቻ ያለው እግር፣ ሳይለበስና ሳይለሰን በቦታው ቢተው የሚያልፈው ሰው እውነተኛውን ከልብሱ ለይቶ ያያል። የፈረሰው ድልድይ ልኬት፣ ሥዕልና ፎቶግራፍም በሥራ ተቋራጩ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳይቀር አንዱ ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለከተማው ባህል ቢሮ ይግባ። ይህ የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት እንዲሟላ በውሉ ውስጥ መጻፍ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው።